የግንቡ ታሪክ በሁለት ገጽ

ብሬመን፣ መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ከሪማ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ክረምቱን እንደምን ከረሙ? ጤናዎ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱስ? ልጅዎ ፈትሂያም ደህና ናት ወይ? እኔ፣ ባለቤቴ ረውዳና ልጆቹ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ብርዱ ገና መጀመሩ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ስለ ግንቡ ነው። የከተማ አውቶቡስ እንደምነዳ ያውቃሉ፤ ባለፈው ሳምንት እረፍት ደርሶኝ ልጆቹን ይዤ እዚህ ቅርብ ወዳለች ከተማ ሄጄ ነበር። አንድ የጥንት ግንብ አለ፤ ሰባት መቶ ዓመት ሆኖታል ይላሉ። ትኬት ቆርጠን ገባን። አንዲት ወጣት ከፊት ከፊት እየመራች፣ በየደረጃው እያስቆመችን፣ እዚህ እገሌ ታሰረ፣ እዚህ እገሌ ወንድሙን አሳልፎ ሰጠ፣ ከዚህ መስኮት እገሊት ዘለለች ትለናለች። ትንሹ ልጄ ሲወርድ እያለቀሰ ነው። እኔ ግን እውነቱን ልንገርዎና ተናደድኩ። ከደጋን በላይ ያለው የእኛ ግንብ ከዚህ በምን ያንሳል? ድንጋዩ ያምራል፣ ከላይ ሆነው ሲያዩት አገሩ ሁሉ ይታያል፣ ዕድሜውም ቢበልጥ እንጂ አያንስ። የጎደለው ትኬት የሚቆርጥና ታሪክ የሚናገር ሰው ብቻ ነው።

እናም እዚህ ያለን የአካባቢው ተወላጆች ተሰብስበን ደረጃው እንዲጠገን፣ በር እንዲገጠምለት፣ ለጎብኚ እንዲከፈት ወስነናል። ከወረዳው ሰዎች ጋር ተነጋግረን ተስማምተዋል። ሥራውን ወንድምአገኘሁ የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ ይዞታል፤ ግንበኛም ነው፣ አስጎብኚም ነው።

ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ግንቡን ከጥንት ጀምሮ የሚጠብቀው የእናንተ ቤት ነው። የአባቴ አባትና አባትዎ የወንድማማች ልጆች ስለሆኑ የእኔም ቤት ነው ብል አይቆጡኝም። ታሪኩን ይጻፉልኝ። ማን ሠራው፣ ማን ኖረበት፣ ማን ምን ሆነበት። ሁለት ገጽ ይበቃል። ጎብኚ ለድንጋይ አይከፍልም፤ የሚከፍለው ለታሪክ ነው።

በስልክ ስጠይቅዎ «ስልክ ሰሚ ይበዛዋል» ስላሉኝ ነው በደብዳቤ የመጣሁት። ጽፈው ለፈትሂያ ይስጧት፤ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትላክልኝ።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን።

ልጅዎ አብዱልባሲጥ


ደጋን፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብዱልባሲጥ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም። አላህ በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ፣ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ለረውዳ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እኛ ሁላችንም ኸይር ነን።

መልሴ የዘገየው ማሽላው ደርሶ ነው። ወፉ ዘንድሮ እንደ መንግሥት ግብር ሰብሳቢ ሆኗል፤ ዞር ስትል ድርሻውን ወስዷል።

ወንድምአገኘሁ መጥቷል። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሥራም ያውቃል፤ ወሬ ግን ያበዛል። ደረጃውን ጀምሮታል። እርግቦቹ ናቸው ያስቸገሩት። ከላይኛው መስኮት ያሉት ቢያባርራቸው ማታ ይመለሳሉ፣ ኩሳቸውን ጠርጎ አንድ አህያ ጭነት አወጣ። ተዋቸው፣ እነሱም ባለቤት ናቸው ብዬዋለሁ።

ታሪኩን ጠይቀኸኛል። ድንጋዩ የድሮ ነው። አባቶቻችን ቆሞ አገኙት።

የምትልኩት ካለ ለበሩ ደህና ማጠፊያ ይሠራለት። አሮጌው በር ከወደቀ ቆይቷል። ቁልፍ ግን አይግባበት። ያ ግንብ ቁልፍ ኖሮት አያውቅም።

አሁን ደግሞ የምሥራች ልንገርህ። ለፈትሂያ ሽማግሌ ተልኮላታል። ልጁ ሙዓዊያ ይባላል፤ ኮምቦልቻ ብረት በያጅ ነው፣ ቤተሰቦቹ የቢስቲማ ሰዎች ናቸው። ኒካሑ ኢንሻአላህ ከረመዳን በኋላ ነው። እኔ ከዚህ ጋብቻ የበለጠ ነገር ከአላህ ለምኜ አላውቅም። ለምን እንደሆነ መጻፍ አልችልም፤ ልጅቱ ፎቶ ልታነሳ አጠገቤ ቆማ ቶሎ ጨርሺ ትለኛለች።

አክስትህ ከሪማ


ብሬመን፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ከሪማ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ስለ ፈትሂያ እጅግ ደስ ብሎናል፤ ማሻአላህ፣ አላህ ያሳምረው። ረውዳ የሰርግ ስጦታ መግዛት ጀምራለች።

ወደ ግንቡ ልመለስ። እትዬ፣ እኔ ሁለት ገጽ ጠይቄ እርስዎ የላኩልኝ ስለ እርግብ ኩስ ነው። ኮሚቴው ደብዳቤው መጣ ወይ ሲለኝ አዎ ብዬ ከፍቼ አነበብኩላቸው። «ድንጋዩ የድሮ ነው፣ አባቶቻችን ቆሞ አገኙት።» ሳቁብኝ። አንዱ ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፈን ስንት ልናስከፍል ነው አለ። 

የሆነ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ደሴ ልጅ ሳለሁ አያቴ ከሴቶች ጋር ስታንሾካሹክ ሰምቻለሁ። አንድ ሰው እዚያ ግንብ ገብቶ ሳይወጣ እንደከረመ፣ ምግብ በቅርጫት በገመድ ይሳብለት እንደነበር። እኔ ወደ ክፍሉ ስገባ ወሬውን ታጥፈዋለች። ሰውየው ማን ነበር? ምን አድርጎ ገባ? ስሙን ብቻ ይንገሩኝ፤ የቀረውን እኔ አሳምረዋለሁ።

ማጠፊያው ይሠራል። ቁልፍ የሌለው በር ግን ትኬት ሊቆረጥበት አይችልም፤ እባክዎ ይህን ይረዱኝ።

ልጅዎ አብዱልባሲጥ


ደጋን፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብዱልባሲጥ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ። አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ትዕግሥትም ይጨምርልህ።

አንተ ልጅ ነገር ከያዝክ እንደ መዥገር ነህ፤ አያትህም እንዲሁ ነበረች። እሺ፣ የሚጻፈውን ልጻፍልህ።

ግንቡን ማን እንደሠራው አይታወቅም። በጥንት ጊዜ ከቆላ አሞሌ ጨው ጭነው የሚወጡ ነጋዴዎች ነበሩ፤ መንገዳቸው የሚጠበቀው ከዚያ ነው ይባላል። ኋላ መንገዱ ሲቀየር ግንቡ የመሸሻ ቦታ ሆነ። ሰው የገደለ ሰው ሮጦ ያንን በር ከነካ አይነካም። የሟች ወገን ከደጃፉ ይቆማል እንጂ አይገባም። ቁልፍ የሌለው ለዚህ ነው፤ ነፍሱን ይዞ ለሚሮጥ ሰው በር አይቆለፍም። ከዚያ አበጋሩ ይመጣል። በጀርመን ረስተኸው እንደሆነ፣ አበጋር ማለት ማስታረቅን ከአባቱ የወረሰ ሰው ነው። ሁለቱን ቤት ያቀራርባል፣ ይማማላሉ፣ ደሙ ይደርቃል፣ ሰውየው ወጥቶ ወደ ቤቱ ይገባል።

ታሪኩ ይሄው ነው። ብዙ ሰው ገብቶበታል፣ ብዙ ሰው ወጥቶበታል። የማንም ስም የለበትም። አያትህ ዝም ያለችው ዝም የሚባል ስለሆነ ነው። ስለ ስም ደግመህ እንዳትጠይቀኝ።

ማጠፊያውን ሙዓዊያ በነጻ እሠራዋለሁ ብሏል። የአማቴ ቤት ግንብ ነው አለ። የሚላከው ገንዘብ ካለ ለደረጃው አሸዋ ይሁን፤ ለእኔ ምንም አትላክ። ፈትሂያ ሰላም ብላሃለች።

አክስትህ ከሪማ


ብሬመን፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ከሪማ፣

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ረመዳን ሙባረክ። አላህ ጾማችሁን ይቀበል።

እትዬ፣ አልቆጣም፣ ዕድሜም ያስረሳል። ስሙን እርስዎ ስላላስታወሱት ከሌላ ሰው አግኝቼዋለሁ። ደሴ ጋሽ ደምለው የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉ፤ የክርስቲያን ቤት ልጅ ናቸው፣ ግን ልጅነታቸውን ያሳለፉት ግንቡ ካለበት ጋራ ሥር ነው። በስልክ አገኘኋቸው። መጀመሪያ «ከሪማን ጠይቀሃታል?» አሉኝ። አዎ ጠይቄያለሁ አልኩ። እንግዲያስ ብለው ሁሉንም ነገሩኝ። ገዳዩን ከነአባቱ፣ ሟቹን ከነአባቱ ከነመንደሩ። ለካ ገዳዩ የእኛው ቅድመ አያት ኖሯል! ይህን የመሰለ ታሪክ ይዘን ነው ስለ እርግብ የምናወራው?

ሰሌዳው ደሴ ታትሟል፤ በሦስት ቋንቋ፣ በወርቅ ቀለም። ወንድምአገኘሁ በዚህ ሳምንት ይተክለዋል። ለዒድ በዓል ለጎብኚ እንከፍታለን። ጽሑፉን አልላክሁልዎትም፤ ሄደው በዓይንዎ ሲያዩት ደስ እንዲልዎ ብዬ ነው።

ልጅዎ አብዱልባሲጥ


ደጋን፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

አብዱልባሲጥ፣

ሰላም ሳልልህ አልጀምርም፤ ሰላምታ የአላህ ነው። አሰላሙ ዓለይኩም። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ነው።

ይህን ደብዳቤ ፎቶ ያነሳው ወንድምአገኘሁ ነው። እስካሁን የጻፍኩልህን ሁሉ የምትልክልህ ፈትሂያ ነበረች፣ ከመላኳ በፊት ደግሞ ታነበዋለች። ስለዚህ መጻፍ የማልችለው ነገር ነበር። አንተ ረሳች አልክ። ወላሂ ያን ስም ከራሴ ስም በፊት ነው ያወቅሁት።

ያኔ ደሙ ሲደርቅ ሁለቱ ቤቶች ቁርኣን ይዘው ማሉ። የገዳይም የሟችም ስም ከግንቡ ጋር ተያይዞ ላይነሳ። ልጆቻችን አይወቁት፣ የልጅ ልጆቻችን ሳያውቁት ይጋቡ፣ ያን ጊዜ በእርግጥ ደርቋል ተባለ። ስሙን ያነሳ ደሙን አነሳ። እኛ ሽማግሌዎቹ ይህን ይዘን ነው የኖርነው። ሰው በዚህ ሁሉ ዘመን ሲጠብቀው የነበረ የመጀመሪያው ጋብቻ የፈትሂያና የሙዓዊያ ነው። ሟቹ የሙዓዊያ ቅድመ አያት ነው፣ አብዱልባሲጥ። አሁን ገባህ?

ልጁ ማጠፊያውን ሠርቶ በጾም አፉ ከኮምቦልቻ ይዞት መጣ። አንደኛውን የበር ክንፍ ገጠመ። ሁለተኛውን ሊያነሳ ዞር ሲል ያ የወርቅ ሰሌዳህ ፊት ለፊቱ ቆሟል። አነበበው። የመንደሩ ስም ትክክል ነው ወይ ብሎ ወንድምአገኘሁን ጠየቀው፤ ያ ልጅ ምን ያውቃል፣ አዎ ትክክል ነው አለው። ሙዓዊያ መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ። ሁለተኛው ክንፍ እስካሁን መሬት ላይ ነው። በማግሥቱ ከቢስቲማ ሰው መጣ፤ ኒካሑ ይቆይ አሉን። ይቆይ ሲሉ ይቅር ማለታቸው ነው።

ሰሌዳውን እኔው በመጥረቢያ አወረድኩት። ቃሉ ግን አይወርድም።

ጋሽ ደምለው ከደሴ ድረስ መጥተው አለቀሱ። ጠይቄያታለሁ ስላለኝ ነው አሉ። ጠይቀኸኝ ነበር፣ እውነትህን ነው። መልሴን ነው ያልሰማኸው።

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው የወሰኑት አንድ ነው። ደም ያነሳ ሰው እንደ ገዳይ ይቆጠራል፤ ግንቡ ውስጥ ይገባል፣ የሟች ወገን ውጣ እስኪለው ይቀመጣል። መጥተህ ትገባለህ።

ከሪማ


ብሬመን፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ከሪማ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ደብዳቤዎን ካነበብኩ ወዲህ እህል አልወረደልኝም። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ። ግን እትዬ፣ አንድ መስመር! አንድ መስመር በሌላ ሰው እጅ ቢልኩልኝ ምን ነበረበት? «የደረቀ ደም ነው፣ አትንካው» ቢሉኝ እኔ እብድ ነኝ? ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ሁላችሁም ዝም ትላላችሁ፣ ከዚያ የማያውቀው ሰው ሲረግጠው ለምን ረገጥክ ትሉታላችሁ።

ይቅርታዬን በቪዲዮ ቀርጬ ልላክ። ለሚታረደው ሰንጋ የሚያስፈልገውን ልላክ። ኮሚቴውም ይቅርታ ይጻፍ። ግንብ ውስጥ ገብቼ ልቀመጥ የሚለው ግን እንዴት ይሆናል? እኔ ሰው አልገደልኩም፣ ሰሌዳ ነው ያሳተምኩት። ደግሞስ ስንት ቀን ነው? የዓመት ፈቃዴ ሦስት ሳምንት ናት። ለአለቃዬ ምን ልበለው? በቅድመ አያቴ ጉዳይ ግንብ ልገባ ነው ልበለው?

አብዱልባሲጥ


ደጋን፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አብዱልባሲጥ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ግንብ በቴሌግራም አይገባም። ቀንም አይቆጠርለትም።

ቁጣህ ግማሹ እውነት ነው፣ አልክደውም። እኛ ዝም ያልነው ልጆቹን ለመጠበቅ ነበር፤ አንተም ከልጆቹ አንዱ እንደሆንክ ዘነጋሁት። ይህን በሌላ ጊዜ እንጣላበታለን።

ፈትሂያ የኒካሕ ልብሷን አጥፋ ሳጥን ውስጥ አስገብታዋለች። አታለቅስም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ቤቱን ትጠርጋለች፣ ጨርሳ ደግማ ትጠርገዋለች። እኔ ይህችን ልጅ ያለ አባት ነው ያሳደግኋት፤ ከእሷ ሌላ የለኝም።

ናልኝ ልጄ።

ከሪማ


ከግንቡ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ከሪማ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህን የምጽፈው ከላይኛው ፎቅ ነው፤ በቅርጫቱ አወርደዋለሁ። ሽማግሌዎቹ ስልኬን በር ላይ ተቀብለውኛል። ወገኑ ከገባው ሰው ጋር ቃል አይለዋወጥም አሉ። ወረቀትስ ብላቸው ተያዩና፣ ያን ጊዜ መጻፍ የሚችል ስላልነበረ በመሐላው ውስጥ የለም አሉኝ። ይመስገኑ።

እትዬ፣ ፈቃዴ ሊያልቅ ነው። ወገቤ ተቆርጧል። እርስዎ ስለ እርግቦቹ የጻፉልኝን ያኔ ባለማመኔ ይቅር ይበሉኝ፤ ጃኬቴን ቢያዩት ያዝኑልኛል። ይባስ ብሎ ጎብኚ ይመጣል። ከአዲስ አበባ አንድ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሴትየዋ እኔን አይታ ወንድምአገኘሁን «እኚህ የታሪኩ ክፍል ናቸው?» አለችው። ጠጋኝ ነው ብሎ ሸኛቸው። ፎቶ ግን አንስተውኛል።

ትናንት ጠዋት አንዲት አሮጊት በምርኩዝ መጥተው ከበሩ ፊት ቆሙ። ሱሀይላ የሚባሉት የሙዓዊያ አያት መሆናቸውን ወንድምአገኘሁ በኋላ ነገረኝ። ቀና ብለው «ማን አለ እዚያ?» አሉ። ደስ ብሎኝ በመስኮቱ ብቅ አልኩ። አብዱልባሲጥ ነኝ ብዬ፣ አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን፣ እስከ ሰባት ቤት ድረስ፣ ልጅ ሆኜ እንዳስተማሩኝ አንድም ሳልዘል ቆጠርኩላቸው። ከብሬመን ድረስ ለይቅርታ እንደመጣሁም ጨመርኩበት። ዞረው ሄዱ።

ምን አጠፋሁ? እባክዎ አሁን እንኳ በግልጽ ይንገሩኝ።

አብዱልባሲጥ


ከታች፣ በዚያው ቀን

አብዱልባሲጥ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም። ያ አላህ! ለሟች ወገን የገዳይን ስም ከመስኮት ትቆጥርላቸዋለህ? ሰሌዳው አነሰህና በአፍህ ደገምከው?

የሚባለውን አውቃለሁ፣ ልነግርህ ግን አልችልም። የተነገረው ሰው ቢመልስ አይቆጠርለትም። ከአንተ ከራስህ መውጣት አለበት። እኔ እዚህ ታች ሆኜ እጄን እየነከስኩ ነው። ሱሀይላ በሰባ ዓመቷ ዳገት ወጥታ መጥታልህ ነበር፤ ደግማ ለመምጣቷ ዱዓ እያደረግን ነው። ብትመጣም እኔ አልቆምም፣ የራሱ ወገን በሩ ላይ አይገኝም።

ገንፎውን ግማሽ መልሰኸዋል። ብላ። ጥቂት ደግሞ አፍህን አሳርፈው።

ከሪማ


አዲስ አበባ፣ አየር ማረፊያ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ከሪማ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ያን ጠዋት እንዴት እንደሆነ በዕርቁ ግርግር ሳልነግርዎ ተለያየን። አውሮፕላኑ እስኪጠራ ልጻፍልዎ።

ዝናብ ጥሎ ነበር፣ ጣሪያው ደግሞ ያፈሳል። ፈቃዴ አልቆ ሁለት ቀን አልፎታል፤ ሥራዬን እንዳጣሁት ቆጥሬዋለሁ። እርግቦቹ የተረፈኝን ቆሎ በልተውብኛል። እኔ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ተናድጄ ነበር። በእርስዎ፣ በጋሽ ደምለው፣ በቅድመ አያቴ፣ ከሁሉም በላይ በራሴ። ስለ ምን እንደምጸጸት እንኳ መለየት አቅቶኝ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ ብያለሁ። ሱሀይላ በዚያ ሰዓት መጡ። ሙዓዊያ በአንድ እጁ ይደግፋቸዋል፣ በሌላው የመሣሪያ ሳጥኑን ይዟል።

«ማን አለ እዚያ?» አሉ።

እኔ ብቅም አላልኩ። ስሜንም ዘሬንም ልናገር አቅም አልነበረኝም።

«ሰው ነኝ» አልኩ። «ሰው ነው ያለው፣ ሌላ ምን ይኖራል?»

ምርኩዛቸው ድንጋዩን ሲመታ ሰማሁ። ደግሞ ተሳሳትኩ ብዬ ራሴን ያዝኩ።

«ሰው ከሆነ ይውረድ» አሉ።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ወንድምአገኘሁ የሠራው ደረጃ ጥሩ ነው፤ በአሮጌው ቢሆን እሰበር ነበር። ሱሀይላ ራሴን ዳሰሱኝ፣ ፊቴን አዩና «ደክሞሃል» አሉኝ።  እዚያው በሩ ሥር አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ሙዓዊያ ሰላምታዬን ራሱን ነቅንቆ ተቀበለና መሬት የወደቀውን የበር ክንፍ አነሳ። ብቻውን ይከብደዋል። ሄጄ በሌላው ጫፍ ያዝኩለት። ሲገጥም ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አጥብቀህ ያዝ» አለኝ። አጥብቄ ያዝኩ። በሩ ሲገጠም እሱ ከፍቶ ዘጋው፣ ከዚያ እኔ ከፍቼ ዘጋሁት። ቁልፍ አልገባበትም።

ለሰርጉ አለመድረሴ ያሳዝነኛል። ኮሚቴው አዲስ ሰሌዳ ሊያሠራ ነው፤ ጽሑፉን ለእኔ ትተውልኛል። አይፍሩ።

አብዱልባሲጥ


ደጋን፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሆይ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። አላህ የወጣህበትን ያቅናልህ፣ የገባህበትን ይባርክልህ። ሥራህ እንዳልጠፋ ስሰማ ሰደቃ አወጣሁ። አለቃህ ደህና ሰው ነው፤ ምን ብለህ እንደነገርከው ግን አሁንም ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሰርጉ አለፈ። እንዲህ ያለ ሰርግ ደጋንም ቢስቲማም አይቶ አያውቅም። ፈትሂያ ኮምቦልቻ ገብታለች። ረውዳ የላከችውን ልብስ ለመልሱ ለበሰችው፤ ትንሽ ጠቧታል፣ ግን አትናገርም።

አዲሱ ሰሌዳህም ደርሷል። ወንድምአገኘሁ ሸፍኖ አምጥቶ ፊቴ ገለጠው፣ እኔ መጥረቢያዬን አጠገቤ አድርጌ ነበር። «ድንጋዩ የድሮ ነው። አባቶቻችን ቆሞ አገኙት። በሩ አይቆለፍም።» ስቄ ስቄ ጎኔን አመመኝ። ሁለት ገጽ ያልከኝ ለዚህ ነው? ጎብኚው ግን ከድሮው ይልቅ በዛ። አንብበው ሲጨርሱ ማን ነበር እዚህ የገባው ብለው ይጠይቃሉ። ወንድምአገኘሁም ሰው ነበር ይላቸዋል። ያ ወሬኛ ልጅ እንኳ ከዚህ አልፎ አይናገርም።

አሁን የዚህን ደብዳቤ አጀማመር አይተህ ተቀይመኸኝ ይሆናል። ስምህን አልጻፍኩም። ረስቼው አይደለም። ለደም ገብቶ የወጣ ሰው ዓመት እስኪሞላው ስሙ በሁለቱም ቤት አይነሳም፤ መሐላው ነው። አንተ ላይም ደርሷል። በሰርጉ ምርቃት ዘመድ ሁሉ በስሙ ሲጠራ አንተን ዘለሉህ።  ይህን ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ ይህን ሁሉ ቀን ተቀምጦ፣ ይህን ጋብቻ የሰጠን ልጅ ሳይጠራ ሲቀር ተናድጄ ልነሳ ስል ሱሀይላ እጄን ያዘችኝ። «ያ ሰው ደህና ገባ ወይ?» አለችኝ በጆሮዬ። ደህና ገብቷል አልኳት። ሙዓዊያ ሰምቶ ኖሮ፣ ያ ሰው በር አያያዝ ያውቃል አለ። እነሱ ዘንድ ስምህ ይኸው ነው።

አንተ ስም ፈልገህ ነበር የጀመርከው። እኔ ደግሞ ስምህን ለመጥራት ዕለቱን እጠብቃለሁ። ዓመቱ ሲሞላ መጀመሪያ የምጠራህ እኔ ነኝ፤ ያንን ደረጃ ወጥቼ፣ እርግቦቹን አስነስቼ፣ ደጋን ድረስ እስኪሰማ። ፈትሂያም ሆዷ ውስጥ ያለው ወንድ ከሆነ ስሙን ለማውጣት እስከዚያ እንጠብቃለን ብላለች።

እስከዚያው ግን አደራህን፣ ምንም ነገር አታሳትም።

አክስትህ ከሪማ